የእማዬ እግር ልክ

ሰኔ 11፣ አዲስ አበባ

ይድረስ እንደ እኅቴ ለማይሽ ለውድ ለሰናይት፣

እንደምን ከርመሻል? መጀመሪያ ስድብሽን ጨርሺ፤ ከዚያ ታነቢኛለሽ። ለፋሲካ ስትደውይ አላነሣሁም፤ የልጅሽ የምረቃ ፎቶግራፍ ሲደርሰኝም ለብቻዬ እልል አልኩ እንጂ ላንቺ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ሰበብ ልደርድር ብል ከዚህ በፊት ያልሰማሽው ሰበብ የለኝም። ይቅርታውን በጅምላ ተቀበይኝ፤ በዝርዝሩ በኋላ እንጣላለን። አሁን የመጣሁት ጉዳይ ይዤ ነው፤ የጉዳዩም ጥፋተኛ አንቺ ነሽ።

አዎ፣ አንቺ። ባለፈው መስከረም የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ታስታውሺዋለሽ? ጠዋት ስልክ ሳትነኪ፣ ቡና ሳትቀምሺ፣ ከቤትሽ ጀርባ ሣሩ ላይ በባዶ እግርሽ እንደምትመላለሺ የነገርሽኝን። እንዳልሽኝ ከሆነ ጭንቀትሽ በእግርሽ በኩል ወርዶ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ በምትኩ ከመሬት ኤሌክትሮን ወደ ሰውነትሽ ይገባል፤ ሌሊትም እንቅልፍ ይወስድሻል። እኔ ሳቄን አፍኜ ዝም አልኩ። ለካ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች እያንዳንዷን ቃል ስትሰማ ኖሯል። ዛሬ በእኔ ላይ ምስክር አድርጋ የምታቆመው አንቺን ነው። «ሰናይት እንኳ አሜሪካ ተቀምጣ በባዶ እግሯ ትሄድ የለም እንዴ!» ስትለኝ ምን ልመልስላት?

አባዬ ካረፈ በኋላ እማዬን ከደምበጫ አምጥቼ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳስቀመጥኳት ሰምተሻል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። እንቅልፍ አጣች፣ እህል አልወርድላት አለ፣ ደም ግፊቷም ወጣ። ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ጭንቀት ሲይዛት የምታደርገውን አስተማረቻት፤ አምስት የምታያቸውን ነገሮች መጥራት፣ አራት የምትዳስሳቸውን፣ ሦስት የምትሰማቸውን፣ ሁለት የምታሸታቸውን፣ አንድ የምትቀምሰውን። ዘዴው የታወቀ ነው፤ የሚባዝን ሐሳብን ሰውነት ወዳለበት ቦታ ይመልሰዋል። እኔም ተማሪዎቼ ከፈተና በፊት ሲርዱ አሠራቸዋለሁ። እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ ጀመረችው። «አንድ፣ ግድግዳ። ሁለት፣ ማዶ ያለው ግድግዳ። ሦስት፣ የተሰጣ የሰው ልብስ። አራት፣ የሰውዬው ዲሽ።» ከዚያ ቆም ብላ፣ «አምስተኛውን አንቺ ፈልጊልኝ፤ እኔ አጣሁት» አለችኝ። እየሳቅሁ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ጓዳ ውስጥ ሳቁ አልቀጠለም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ታች መውረድ የጀመረችው። ከብሎካችን ጀርባ፣ የውኃ ሮቶው አጠገብ፣ ግንበኞች ጠጠርና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ጥለውበት የሄዱ ጠባብ መሬት አለ። ጠጠሩን በቆርቆሮ እየለቀመች አወጣች፤ ከዘበኛው ዶማ ተውሳ ገለበጠችው፤ ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም ተከለች። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወርደው «እናቴ፣ ይህ ቦታ እኮ ለአበባ የተያዘ ነው» ቢሏት፣ «ታዲያ ጎመን አያብብም?» አለቻቸው። አሁን የእሳቸው ባለቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡናቸው ጤና አዳም ሊቀጥፉ ይመጣሉ። እማዬም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከጎረቤት ጋር ትጣላለች። ድና ተነሣች ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ሆንሽ?» ትይኛለሽ። እግሯ ነው የቸገረኝ። ደረጃውን እስክትወርድ ነጠላ ጫማዋን ታደርጋለች። መደቡ ጋ ስትደርስ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አውልቃ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ባዶ እግሯን ትገባለች። እዚያ መሬት ውስጥ ምስማር አለ፣ የጠርሙስ ስባሪ አለ። ብቆጣት ዘበኛው ይደርብላታል፤ «አበበ ቢቂላስ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?» ይለኛል። አልተውኩትም፤ «እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ፈጀበት፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ገባ» አልኩት። እማዬ ሰምታ፣ «እኔ ማንን ልቀድም?» አለች። በዚህ ተረታሁ።

ሰናይትዬ፣ የአክስቴን እግር አንቺም አትረሺውም። በሠርግ ቀን ከጓዳ የማትወጣውን፣ እግሯን በነጠላ ጠቅልላ የምትቀመጠውን። ዋንጫዋ ለብቻው ነበር። ሰዉ «የረገጠችው ነገር አለ» ይል ነበር፤ እውነትም የረገጠችው ነገር ነበር፤ የገዛ ማሳዋን። መምህርነትሽ አይለቅሽም እንዳትይኝ እንጂ፣ በእኛ ደጋ ዝሆኔ የሚባለው እብጠት በአብዛኛው ከትንኝ የሚመጣው ዓይነት አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ እየዘለቁ የሊምፍ ሥሮችን ያስቆጣሉ፤ እግርም ቀስ በቀስ ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ አጥንቶት ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ዋንጫ መለየት ቀርቶ ከአንድ ትሪ መብላት ምንም አያመጣም። ግን በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለው። ያው አፈር አንዱን ቤተሰብ ሳይነካ ሌላውን ይደጋግመዋል። እማዬ ደግሞ የአክስቴ ታናሽ ናት።

እዚህ ጓሯችን ያለው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ በዚህ ረገድ ያን ያህል አያስፈራኝም። እንቅልፍ የነሣኝ የሰኔ ዝናብ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ደረቁን መሬት ሲመታ ያ ሽታ ተነሣ። እማዬ በረንዳ ላይ ወጥታ ዓይኗን ጨፍና ሳበችው። ሽታው በከፊል ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ነው የሚመጣው፤ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ያመነጩታል። አባትሽ ሳንባቸውን ሲታመሙ የተወጉትን መርፌ ታስታውሺዋለሽ? ስትሬፕቶማይሲን ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1943 ከዚሁ ወገን ከሆነ የአፈር ባክቴሪያ ነው የተገኘው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «አፈርማ ባለውለታ ነው» ብላ ቀጠለች፤ «እንግዲያውስ ሐምሌ ሳይገባ ደምበጫ እመለሳለሁ። ክረምቱን ቤቴ ሆኜ ጓሮዬን ልዝራ።» እኔው ባቀበልኳት መርፌ ተወጋሁ።

ልከለክላት አልችልም፤ ልከለክላትም አልፈልግም። እዚያ ስትሄድ ግን ጭቃው ቀይ ነው፣ ክረምት ነው፣ ጓሮው ሰፊ ነው፤ እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ። በዚያ ላይ እርጥብ መሬት የመንጠቆ ትልም ያለበት ነው፤ እሱም የሚገባው በእግር ቆዳ ነው።

እስካሁን ያገኘሁት መላ አንድ ብቻ ነው። ማታ ማታ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አድርጌ እግሯን በሳሙና አጥባለሁ። የጣቶቿን መካከል አደርቅና ተረከዟን ቫዝሊን እቀባለሁ። ለዚያ በሽታ መከላከያው ይኸው ነው፤ መታጠብ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ መቀባት፣ ጫማ ማድረግ። የጀመርኩት እንደ ሐኪም ትእዛዝ ቆጥሬ ነበር። አሁን ግን… ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው? ይሁን። አሁን ያችን ሰዓት ቀኑን ሙሉ እጠብቃታለሁ። እግሯ ውኃ ውስጥ ሲገባ አፏ ይፈታል። ስለ አባዬ ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን የምትነግረኝ ያኔ ነው፤ ሲጫጩ ለሽማግሌ የከፈለውን እንኳ። የተረከዟ ንቃቃት ውስጥ ሳሙና የማያነሣው የደምበጫ ቀለም አለ። አንድ ማታ ጨርሼ ልነሣ ስል «ተቀመጪ» አለችና የእኔን እግር ይዛ ማጠብ ጀመረች። ከአባዬ ቀብር ወዲህ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩት። እሷ ምንም አላለችም፤ ውኃው ቀዘቀዘ ብላ ሙቅ ጨመረችበት።

ስለ ኤሌክትሮኑ ያለኝን አስተያየት ልንገርሽና አትቀየሚኝ፤ ስለሱ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ እኔ አልተዋጠልኝም። ጠዋት ስልክ ሳይነኩ ደጅ ወጥቶ አየር መቀበል፣ እጅን አፈር ውስጥ መክተት፣ የሚበቅል ነገር መጠበቅ ግን ሰው እንደሚያድን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናቴን አድኗታል። ጫማ ማውለቁን ብቻ ነው የምጣላው፤ እሱም እኛ ጋ እንጂ እናንተ ጋ አይደለም። ያንቺ ሣር ይመችሽ። ብቻ ሜሪላንድ መዥገር የሞላበት አገር ነው ይባላል፤ ላይም የሚሉትን በሽታ ያስይዛል። ከገባሽ በኋላ እግርሽን እስከ ባትሽ ፈትሺ። ኤሌክትሮን ፈልገሽ መዥገር ይዘሽ እንዳትገቢ!

እንግዲህ ከደብዳቤው ጋር ያለውን ወረቀት ክፈቺው። የእማዬ እግር ነው። ሁለት የደብተር ወረቀት በማጣበቂያ አያይዤ አቆምኳትና ዙሪያውን በእርሳስ ከበብኩት። እርሳሱ ውስጥ እግሯ ጋ ሲደርስ ኮረኮራትና ስለሳቀች መስመሩ እዚያ ጋ ተንሻፏል፤ እሱን አትቁጠሪው። ፎቶግራፍ አንሥቼ ያልላክሁልሽ ልኩ እንዳይጠፋ ነው። ከፊት በኩል ስፋቱን ተመልከቺ፤ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ውጭ እንደወጣች አየሽ? ዕድሜዋን ሙሉ ጫማ ያልጠበበው እግር እንዲህ ነው። እዚህ ገበያ ይዣት ዞርኩ፤ ርዝመቱ ሲሆን ስፋቱ እምቢ ይላል፤ ስፋቱ ሲሆን እንደ ጀልባ ይንሳፈፍባታል። ኮንጎ ጫማ ገዝቼላት ነበር፤ እግሬን ቀቀለው ብላ ለዘበኛው ሚስት ሰጠችው። እናንተ ጋ በስፋቱ እየለዩ የሚሸጡ ሱቆች እንዳሉ አንቺው ነግረሽኝ ነበር። ድፍን ይሁን፣ ጭቃ ሲነካው በውኃ የሚለቀለቅ፣ ጉልበቷ ስለማይታጠፍላት ማሠሪያ የሌለው። ቀለሙ ጥቁር ወይም ቡናማ ይሁን፤ ነጭ ከሆነ ለጥምቀት ብላ ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ከሐምሌ በፊት የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ገንዘቡን ለእናትሽ እሰጣለሁ፤ አልቀበልም ብትል አስገድዳታለሁ።

እማዬ የጫማውን ዋጋ ከጠየቀችሽ ከሥራ ቦታ በነፃ የተሰጠኝ ነው በያት። እውነቱን ካወቀች ሸጣው በግ ትገዛበታለች።

ሁለተኛው ጉዳይ መደወልሽ ነው። አንቺ ያፈረስሽውን አንቺው ጠግኚ። ባዶ እግር ማለቴ እዚህ ባለው ሣር እንጂ በደምበጫ ጭቃ አይደለም በያት። በጫማው አትጀምሪ፣ ትነቃብሻለች። መጀመሪያ ስለ ጎመኑ ጠይቂያት፤ ከዚያ ስለ ኮሚቴው ሰብሳቢ። የምትደውይው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይሁን፤ ላንቺ ከምሳ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እግሯ ሳፋ ውስጥ ስለሆነ ተነሥታ አትሄድብሽም።

ያንቺው፣
መሠረት