ለጋሪ ፈረስ የሚበጀው የትኛው ናል ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እዚህ አዳማ አንዳንድ ወጣት ባለጋሪዎች የውጭ አገር ቪዲዮ እያዩ «የብረት ናል ቀረ፣ አሁን በሙጫ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው» ይላሉ። ፕላስቲክና ጎማ የአስፋልቱን ንዝረት ይቀንሳሉ፤ ይህን አልክድም። ግን ሰኮና በወር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ናሉ ምንም ዓይነት ይሁን፣ በ6 ወይም በ8 ሳምንት ተነቅሎ ሰኮናው ካልተስተካከለ ፈረሱ ይጎዳል። እስቲ ጎንበስ ብላችሁ የጋሪ ፈረሶቻችንን እግር እዩ። የሰኮናው ፊት ረዝሟል፣ ተረከዙ በጠባብ ናል ተጨምቋል፣ ምስማር የገባበት ተሰነጣጥቋል። ናሉ በሰኮናው ልክ ይሠራል እንጂ ሰኮናው በናሉ ልክ አይሞረድም!

«ባዶ እግሩን ይሂድ» የሚሉም አሉ። ለመስክ ፈረስ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ አስፋልት የሚረግጥ ግን ሰኮናው ቶሎ ያልቃል። ከተማው መጀመሪያ ናል መቺዎቻችንን በእንስሳት ሐኪም ያሠልጥንልን።

አንድ የአዳማ ነዋሪ