ለልጄ፦ ለሶለል ከመምጣትሽ በፊት

ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ይዟል። ማሽላው ወገብ ደርሷል።

እሑድ ስልኩ ሲቋረጥ ሐሳቤን ሳልጨርስ ቀረሁ። መልሼ ብሞክር ብሞክር ኔትወርኩ እምቢ አለ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል።

አዲስ አበባ ያላችሁ የቆቦ ልጆች ተሰባስባችሁ ገንዘብ ማዋጣታችሁን ስትነግሪኝ ልቤ ሞላ። አገሩን ረስቶ የቀረ ስንት አለ። እናንተ ግን ለሶለላችን፣ ለነሐሴው የሴቶች በዓል አስባችሁ፣ ከደሞዛችሁ ቀንሳችሁ፣ "ትልቅ መድረክ እንሥራ፣ ዘፋኝ እናምጣ፣ ምን ትያለሽ እማ?" ብላችሁ እስከ መጠየቅ ደረሳችሁ። ተባረኩ። መድረኩን ግን አልወደድኩትም። ለምን እንዳልወደድኩት ላስረዳሽ።

የኛ ከተማ ትንሽ ናት። ሲኒማ የለ፣ መናፈሻ የለ። ክረምት ሲገባ ግን እንዴት እንደምትሞላ ታውቂያለሽ። ተማሪው ሁሉ ከያለበት ይመለሳል። ከሐምሌ ጀምሮ የልጆቹ ጅራፍ ጧ ጧ ይላል። የሰፈር ዋንጫ ይጀመርና ወንዶቹ ማታ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይገባሉ። ዘንድሮም ወንድምሽ ማሊያውን እኔ ላይ ጥሎልኛል። ፍልሰታ ይገባል፣ ሰው ሁሉ ጾሙን ይይዛል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ሙልሙሉ ይጋገራል፣ ሆያ ሆዬው ከቤት ቤት ይዞራል። አሁን አሁን ደግሞ መውሊድም ክረምት ላይ እየገባ ነው። በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም እኮ ነው፤ አባትሽ ቆጥሮ ነገረኝ። ድቤው ማታ ከጎረቤት ሲሰማ እኔም ከቤቴ ሆኜ መንዙማውን እሰማለሁ። ቅንጬውም እንደ ድሮው ይላክልኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሶለል ነው። ሰቆጣዎቹ ሻደይ ይሉታል፣ ላስታዎቹ አሸንድዬ። ሁሉም ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ነው የሚጀምረው። ጾሙን 15 ቀን ዝም ብላ የቆየች ልጅ በዚያ ቀን ድምጿን ታወጣለች። የሴቶች በዓል ነው ልጄ። በዓመት ውስጥ ሴት ልጅ "ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ" የማትባልበት ሌላ ሰሞን አላውቅም። እናቴ ቁጡ ነበረች። በሶለል ሰሞን ግን "የት ዋልሽ?" ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

አሁን የታዘብኩትን ልንገርሽ። አንድ ዓመት እዚሁ ከተማችን መድረክ ተሠርቶ ነበር። አንቺ ያኔ ፈተና ላይ ስለነበርሽ አልመጣሽም። ድንኳን ተተከለ፣ ስፒከር መጣ፣ ለእንግዶች ወንበር ተደረደረ። ያዘጋጁት ሰዎች ከየሰፈሩ ልጃገረድ መረጡ። መረጡ ነው የምልሽ። ቁመቷ እኩል የሆነ፣ ቀሚሷ አዲስ የሆነ። ታናሽ እህትሽ ተመረጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልምምድ ሄደች። የጎረቤታችን ልጅ፣ ያቺ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ትንሿ፣ "አጭር ነሽ" ተብላ ቀረች። ያቺ ልጅ እኮ ግጥም ስታወጣ ሰፈሩን ሁሉ የምታስቅ ናት። ከደጅሽ ቆማ ስምሽንም፣ የአጥርሽንም ነገር፣ ያሰርሻትን ላምም አንስታ በግጥም ትጨርስሻለች። እሷ ገመድ ኋላ ቆማ ጓደኞቿን ስታይ ዋለች።

እህትሽስ? መድረክ ላይ የቆየችው ለአንድ ዘፈን ነው። ከዚያ "ውረዱ፣ ቀጣይ አለ" ተባሉ። ዘፈኑም ከስፒከር የሚወጣ ነበር። ከበሮ የያዘች ልጅ አላየሁም። አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር። ማታ ቤት ስትገባ "እማ፣ ሶለሉ አለቀ እንዴ?" አለችኝ። እኔ መልስ አጣሁ።

ሶለል ላይ ማንም "አልተመረጥሽም" ተብላ ስትቀር አላየሁም ነበር። አንካሳዋም ትጨፍራለች፣ ድምጿ የማያምረውም ትጮሃለች፣ ቀሚስ የሌላት ትዋሳለች። እኔ ራሴ በ12 ዓመቴ የጨፈርኩት በአክስቴ ልጅ ቀሚስ ነው። ጓደኛዬ ሙስሊም ነበረች፤ የኛን ከበሮ እሷ ነበረች የምትመታው፣ ከሷ የሚበልጥ ሰው አልነበረምና። ቀን ቤተ ክርስቲያን ደርሰን እስክንመለስ በር ላይ ትጠብቀናለች፤ ከዚያ ከበሮውን ተቀብላ ከፊት ትሄዳለች። እናቷም ሣሩን ወገባችን ላይ አስራልን ታውቃለች።

ሣሩ ነው ዋናው ነገር። ከተማ ያደጉ ልጆች ሣሩን እንደ ጌጥ ያዩታል። ጌጥ ብቻ አይደለም። በ1976 ክረምት እኔ 13 ዓመቴ ነበር። ዝናቡ ቀረ። ነሐሴ ገብቶ ሜዳው እንደ ሚያዝያ ነጭ ሆኖ ቆየ። እናቴ ሹሩባዬን እየሠራች "ዘንድሮ ምን ታጥቀሽ ትጨፍሪያለሽ?" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሹሩባውንም በግማሽ ተወችው። የኮረምን የረሃብ መከራ ዓለም ያየው በ1977 ጥቅምት ላይ ነው። እኛ ሰፈር ግን ነሐሴ ላይ፣ የምንነጨው ሣር ሲጠፋ አወቅነው። ከዚያ ወዲህ ሣሩን ወገቤ ላይ ሳስር "ተመስገን፣ ዘንድሮ ዘነበ" ማለት ሆኖብኛል። በ2013 ክረምት ሣሩ ነበረ፣ ሰላሙ ጠፋ። የዚያን ጊዜውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አላነሳውም።

እና ልጄ፣ ገንዘባችሁን ምን ላይ ታውሉት? አስቤበታለሁ። አባትሽንም፣ የሰፈሩን እናቶችም አማክሬያለሁ።

መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች አሉ። ሆርማት ወንዝ ነሐሴ ላይ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። እዚህ ከተማው ውስጥ ፀሐይ ወጥቶ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ከሰዓት በኋላ ደራሽ ጎርፍ ድንገት ይመጣል። የማዶዎቹ ልጆች ጎርፉን ፈርተው ጨዋታው ገና ሲሟሟቅ ጥለው ይሄዳሉ። አንዳንዶቹን እናቶቻቸው ጭራሽ አይልኳቸውም። ደግሞ እኮ ጥሩ ጥሩ ዜማ ያለው እነሱ ጋ ነው። ትምህርት ቤቱ ክረምት ዝግ ነው፤ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ቢፈቀድልን ፍራሽና ብርድ ልብስ ገዝተን እዚያ እናሳድራቸው። እኛ እናቶች ተራ ገብተን አብረን እናድራለን። ራቱን እኛ እንችላለን። ፍራሹን እናንተ ቻሉ።

ሁለተኛው መብራት ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ያለው ሰፈር ማታ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ልጆቹ ከቤት ቤት ሲዞሩ የሚመሽባቸው እዚያ ነው። በኛ ጊዜ ወንድሞቻችን ዱላ ይዘው ከኋላ ይከተሉን ነበር፤ የሚተናኮል አልነበረም ማለት ሳይሆን፣ የሚጠብቅ ስለነበረ ነው። አሁን ወንዶቹን ሰብስቦ ይህንን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። የእግር ኳስ ቡድኖቹ አሉ አይደል? አንቺ ከአምበሎቹ ጋር ተነጋገሪ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማሉ። በየሰፈሩ አንድ ቡድን ቢጠብቅ ሴቶቹ በሰላም ይገባሉ። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩት አምፖሎች ውድ ናቸው ወይ? ዋጋቸውን ጠይቂልኝ። በዓሉ ካለፈም ለሰፈሩ ይቀራሉ።

ሦስተኛ መጸዳጃ ቤት። ይሄ ለዘፋኝ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ወጪው ምንም አይደለም። ከየገጠሩ የመጣች ልጅ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ የምትውለው ለምን ይመስልሻል? መግቢያ ስለሌላት ነው። ይህን ጉዳይ በስብሰባ ላይ የሚያነሳ ወንድ አላየሁም፤ ስለዚህ አንቺ አንሺው። አትፈሪ።

ከበሮም ያስፈልጋል። ያለን ከበሮ ቆዳው ላልቷል። አዲስ የሚለጉም ሰው አለ፣ ቆዳው ከተገኘለት። ለየሰፈሩ አንድ አንድ ቢሆን፣ ልጆቹ ስፒከር አይለምኑም።

መድረክ ፈጽሞ አይኑር አልልም። እንግዳ ሲመጣ በለስ የምትሸጠዋም፣ በቆሎ እሸት የምታበስለዋም፣ ባጃጅ የሚነዳውም ያገኛል። ያንን አያለሁ። መጨረሻው ቀን ላይ፣ ሴቶቹ ዞረው ከጨረሱ በኋላ፣ ማታ አንድ ትንሽ መድረክ ይሁንላችሁ። ዘፋኙም ይምጣ። ግን ልጆቹን አትምረጡ። ገመድም አትዘርጉ። የእንግዶቹን ወንበርም ቀንሱት፤ እንግዳው ቆሞ ያጨብጭብ፣ ከዚያ ሳያስበው ይገባበታል። ድሮ ከደሴ የመጣ መንገደኛ መኪናው ተበላሽቶ ከኛ ጋር ሦስት ቀን ሲጨፍር አይቻለሁ። ማንም አልጠራውም።

ቲሸርት የሚባለውንም ተዉት እባካችሁ። ያን ጊዜ ስፖንሰር ነው ብለው በቀሚሳቸው ላይ ደርበው አልብሰዋቸው ነበር። እኔ የእህትሽን ጥልፍ አንገት ሁለት ወር ነበር የጠለፍኩት። ፎቶው ላይ አይታይም።

አንቺም ምን እንደሚሉሽ አውቃለሁ። "መድረክ ከሌለ በቴሌቪዥን አይታይም፣ አገሩ አይታወቅም" ይሉሻል። ይታወቅ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ካሜራውን ይዘው ልጆቹን ተከትለው ከቤት ቤት ይዙሩ። እኔ ደጅ ሲደርሱ ቡና አፈላላቸዋለሁ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ስለኔ ምን ብላ እንደምትገጥምም ይቅረጹ። አባትሽ ሰሞኑን ጥርሱን አስነቅሏል፣ እሷ ይህንን አትለቀውም።

ይህን ሁሉ ስልሽ ጓደኞችሽን እንዳታስቀይሚ። በመልካም ልብ ነው ያሰቡት። "እናቴ እንዲህ አለች" በያቸው። እምቢ ካሉሽም አብሽሪ፣ ፍራሹን እኛው እዚሁ እንለምናለን።

ፈቃድሽን ከአሁኑ ጠይቂ። በዓሉ ዕለት ከሆነ የምትደርሺው ምኑን መጣሽው። ነሐሴ 14 ማታ እዚህ ሁኚ። በ15 ጠዋት ሣር ነጨታ ነው፤ እህትሽና የወፍጮ ቤቱ ልጅ ከአንቺ ጋር እንሄዳለን ብለው ቀን እየቆጠሩ ነው። ከወንዙ ዳር ያለው ሣር ረዝሟል፣ ትናንት ሄጄ አይቼዋለሁ። ጠዋት ጤዛው ስለሚያረጥብ ቦት ጫማ ያዢ። ለትንሿ የወፍጮ ቤቱ ልጅም የእግሯን ቁጥር ለክቼ ወንድምሽ ከሥር ይጽፍልሻል፣ አንድ ግዢላት።

የምትወድሽ እናትሽ
ከቆቦ