አባዬ፣ ለስልኩ አትሳሳለት

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ሆነ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን የእህቴ ልጅ ጮክ ብላ ታንብብልህ፤ አንተ ዓይንህን አታድክም።

ባለፈው ስደውል «መቶ ብር ሞልቼ ባንድ ማታ ሙልጭ አለ፤ ይሄ ስልክህ ሌባ ነው» ያልከኝ እስካሁን ያስቀኛል፣ ትንሽም ያሳዝነኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። ስልኩን ገዝቼ ሰጥቼህ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሮጬ ወጣሁ፤ ምን እንደሚበላ አላሳየሁህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርድ መሙላት ብቻውን አይበቃም። ፓኬጅ ሳትገዛ ኢንተርኔት ከከፈትክ በቀጥታ ከሒሳብህ ይቆርጣል፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው። መጀመሪያ *999# ደውላችሁ ፓኬጅ ግዙ። የሌሊቱ ከቀኑ ይረክሳል። አንተ እንደሆነ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከነቃህ በኋላ እንቅልፍ አይወስድህም፤ ለአንተ የተሰራ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ሌባ ምስሉ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምትሰማው ትረካ አይደል? ታዲያ ምስሉ ምን ያደርግልሃል? ከድምፁ ኋላ የቆመች አንዲት ፎቶ ናት። ጥራቱን ወደ 144 አውርዱት፤ ድምፁን ለመስማት ከበቂ በላይ ነው። 1080 ላይ ከተተወ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ስታይ ከአንድ ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል።

«ስክሪኑን ሳጠፋው ሰውየው ዝም ይላል» ላልከውም መልስ አለኝ። ዩቲዩብ ካልከፈልክበት ስክሪኑ ሲጠፋ ይቆማል፣ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ትረካውን በቴሌግራም በድምፅ ብቻ እልክልሃለሁ። የአንድ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከ60 ሜጋባይት አካባቢ አያልፍም። አንዴ ከወረደ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዳታውን ዘግተህ፣ ስክሪኑን አጥፍተህ፣ ትራስህ ስር አድርገህ አስር ጊዜ ብትሰማው አንድ ሳንቲም አይቆርጥም። እህቴ ቤት ዋይፋይ አለ፤ እሁድ ቡና ስትጠጣ የሳምንቱን አውርዳችሁ ተመለሱ። ለሜሞሪ መጫኛ ብለህ ለዚያ ሱቅ 200 ብር መክፈልህን ስሰማ ግን፣ አባዬ፣ ንድድ ነው ያልኩት። ሁለተኛ እንዳትሄድ።

በነገራችን ላይ በቴሌግራም የሚዞረው ሁሉ ቅዱስ አይደለም። አዲስ የወጣ መጽሐፍ ሳይቀር አንብበው ይጭኑታል፣ ደራሲው ሰባራ ሳንቲም አያገኝበትም። እሱን አልልክልህም። አዲስ መጽሐፍ ካማረህ እገዛልህና ልጅቷ ታነብልሃለች።

የምልክልህ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብርን ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ አንተ ስንቴ እንዳነበብከው አውቃለሁ፤ ሽፋኑ በነጭ ፕላስተር የተጠገነው አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ግን ዓይንህ ሞራ ከጋረደው ወዲህ አልነካኸውም። ያቺ ጥቁር ሬዲዮ ትዝ ትልሃለች? ድንጋዩ ሲዳከም አውጥተህ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር፣ እኔን ደግሞ ዶሮ እንዳይበትነው ጠባቂ ታደርገኝ ነበር። ማታ ትረካው ሲጀምር እማዬ ወጡን ሳይቀር በቀስታ ነበር የምታማስለው። አንዴ ጉዱ ካሣ እየተናገረ እያለ ድንጋዩ አለቀና፣ አንተ ጋቢህን ለብሰህ በጨለማ ጎረቤት ሄደህ ቆመህ ሰምተህ መጣህ። ያን ማታ ተኝቼ አልነበረም፤ ስትመለስ ለእማዬ የቀረውን እንዳለ ስትተርክላት ሰምቻለሁ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ካንተ አፍ ይበልጥ ያምር ነበር።

አሁንም እንደዚያ ድንጋይ ስልኩንም ታሰጣዋለህ መሰለኝ! አስር ደቂቃ ሰምተህ «ይበቃል፣ ይቆጥራል» ብለህ ትዘጋዋለህ አሉ። አትዝጋው። የወረደው አይቆጥርም።

አንድ ነገር ብቻ ጠንቀቅ በል። «ሽልማት ደርሶሃል፣ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርህን ንገረን» የሚል ሰው ከደወለ ዝጋበት። ሰላምታም አትመልስለት፣ ለዚህ ጊዜ ጨዋነት ይቅርብህ።

ዳማ በስልክ ይገኛል ወይ ላልከኝ፣ ይገኛል። ግን ከጎረቤትህ ጋር ስትጫወት ከዳማው ይልቅ ጭቅጭቁን እንደምትወደው ስለማውቅ አልጫንኩልህም።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፍሎች ዛሬ ማታ እልካለሁ። እሁድ ስደውል የት እንደደረስክ ትነግረኛለህ፣ እኔም ከዚያው ጀምሬ እሰማለሁ። ቻርጀሩ ቴሌቪዥኑ ኋላ ነው፣ ነጩ።

ልጅህ