የምስጋና መልእክት፦ በዚያች ሌሊትና ከዚያ ወዲህ አብራችሁኝ ለቆማችሁ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቀን ላሳየኝ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው።

ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ የደም ባንክ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ያለፉትን ወራት ግን ከሥራ ታግጄ፣ ደመወዜ ተቋርጦ፣ ስሜ በየቢሮው ሲብጠለጠል ነው ያሳለፍኩት። ባለፈው ሳምንት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጥፋት የለባትም ብሎ ወደ ሥራዬ መልሶኛል። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የኃላፊውን ስም አልጠራም፤ የጻፍኩት ለማመስገን ነው።

ለማታውቁት፣ ከአንድ ለጋሽ የምንቀዳው 450 ሚሊ ሊትር ደም በማሽን ተሽከርክሮ ይለያል። ቀዩ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል። ብርዝ የመሰለው ፕላዝማ ግን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያም በታች በረዶ ሆኖ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ደሟ አልረጋ ላላት ወላድ የምንልከው እሱን ነው። አንዴ ከቀለጠ መልሶ ማቀዝቀዝ የለም። መብራት ሲጠፋ መጠጊያችን ጀነሬተሩ ነበር፤ ነዳጅ ግን አልነበረውም። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅሁ። «በጀት ሲለቀቅ» ተባልኩ። ለመስክ አበላችንም ለትርፍ ሰዓታችንም የሚሰጠን መልስ ይኸው ስለነበር ለምደነው ነበር። የነዳጁን ግን መልመድ አልነበረብንም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያች ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት መብራት ሄደ። ተረኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ኃላፊው ስልክ አላነሱም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዱን የፕላዝማ ከረጢት አንስቼ ጫን ሳደርገው ጠርዙ በጣቴ ልክ ጎደጎደ። ያኔ አለቀስኩ።

ጋሼ ሹፌራችን፣ ስደውልልዎ ጋቢዎን እንደደረቡ ነው የመጡት። «ልጄ፣ አንቺ ደሙን ያዢ፣ መንገዱን ለኔ ተይው» አሉኝ። ቀዩን ደም በአይስ ቦክስ እየደረደርን ወደ ሆስፒታሉ ፍሪጅ እስኪነጋ አመላለስን፤ አንድም ከረጢት አልተበላሸም። በማግስቱ የመጣልኝ ደብዳቤ ግን ሁለት ጥፋት ቆጠረብኝ፦ ፕላዝማውን አስበላሽተሻል፣ ደሙን ያለ ፈቃድ ከግቢ አውጥተሻል። እርስዎንም መኪና ያለ ትእዛዝ አንቀሳቀሱ ብለው ደመወዝ ቀጡዎት። አንድ ቀን እንኳ በኔ አላማረሩም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እታለም፣ ጽዳታችንን የያዝሽው እህቴ፣ ያንቺን ውለታ በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም። የነዳጅ መጠየቂያዎቹ ከፋይል ወጥተው ቅርጫት ውስጥ ስታገኚያቸው፣ «ማኅተም ያለበት ወረቀት አይጣልም» ብለሽ ወደ ቤትሽ ወስደሽ በመሶብ ሥር አስቀመጥሻቸው። ኮንትራትሽ በየወሩ የሚታደስ ሆኖ ሳለ ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ ሦስቱንም ዘረጋሽ። አራት ላይ ታጥፈዋል፤ አንዱ ላይ የበርበሬ አሻራ አለ። የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ነገሩ የዞረው እዚያ ላይ ነው።

በሌሊት በራቸውን ከፍተው ደሙን የተቀበሉንና በኋላም በጽሑፍ የመሰከሩልን የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ሳንቲም ሳይቀበል ማመልከቻዬን የጻፈልኝ ጠበቃ ወንድሜ፣ የቤት ኪራዬን ያዋጡ የእድራችን አባላት፣ ከቢቸና ጤፍ በአውቶቡስ ስትልክልኝ የኖረችው እናቴ፣ ሁላችሁንም ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

ፕላዝማችሁ ቀልጦ የተጣለባችሁ ለጋሾች፣ እናንተን ይቅርታ ነው የምለምናችሁ። በሁዳዴ፣ ጾማችሁን ይዛችሁ የሰጣችሁን ነበር። ከእናንተ አንዱ፣ የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ ሥራ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጅጌውን ሰበሰበና «እህቴ፣ ጀነሬተሩ አሁን ነዳጅ አለው?» አለኝ። ጠዋት ራሴ ክዳኑን ከፍቼ አይቼ ነበር። ሞልቷል አልኩት፤ ክንዱን ዘረጋልኝ።