የፈውስ ምስክርነት ስታትሙ ሐኪሙንም ጠይቁ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ በዚሁ ዓምድ ላይ አንድ ጸሐፊ «ፈጣሪን የማይፈራ ሰው ከክፋት የሚያግደው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠይቀው ነበር። በዚያው እትም ውስጥ ደግሞ «ከሚጥል በሽታ በጸሎት ተፈውሼ መድኃኒቴን ጣልኩ» የሚል የአንድ ወጣት ምስክርነት ወጥቷል። በጽሑፉ ውስጥ አንድም ሐኪም አልተጠየቀም። እኔ በፈጣሪም ሆነ ከተፈጥሮ በላይ በሆነ በማናቸውም ኃይል አላምንም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ማንንም ከእምነቱ ለማናጋት አይደለም። ለመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ አለኝ፤ ከእርሱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሁለተኛው ጽሑፍ ነው።

ብዙ ሰው የማያምን ሰው ሲያጋጥመው አንዳች በደል የደረሰበት፣ ጸሎቱ ሳይሰማለት ቀርቶ ያኮረፈ ይመስለዋል። እኔን የደረሰብኝ በደል የለም። ያሳደጉኝ አጥብቀው የሚያምኑ፣ እጅግም ደጋግ ሰዎች ናቸው። የእኔ ጥያቄ «ይህ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?» የሚል ብቻ ነበር፤ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም። ለመብረቅ፣ ለወረርሽኝ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ምክንያት ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ መኖሩን ከታሪክ ተረዳሁ። ለውጡም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የመንፈስ ሥራ ነው የተባለው ነገር ሲመረመር ተፈጥሯዊ ምክንያት ይገኝለታል፤ ተፈጥሯዊ ምክንያቱ የታወቀ ነገር ኋላ የመንፈስ ሥራ ሆኖ ሲገኝ ግን አላየሁም።

ዱካክን እንውሰድ። ሰው ሌሊት ከእንቅልፉ ይነቃል። ዓይኑ ክፍሉን ያያል፤ እጁ ግን አልታዘዝ ይለዋል። ደረቱ ላይ አንዳች ነገር ተጭኖታል፤ በሩ አጠገብ ጥላ ቆሟል፤ ሊጮህ ይሞክራል፤ ድምፁ አይወጣም። በእኔም ላይ ደርሷል፤ የሚያስፈራውን ያህል የሚያስፈራ ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ «ጋኔን ተጫነኝ» የሚለኝን ሰው ዋሽተሃል አልለውም። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን አብዛኞቹን ጡንቻዎቻችንን እንዳይንቀሳቀሱ ይይዛቸዋል፤ ባይይዛቸው ኖሮ በሕልማችን የምንሮጠውን ሁሉ አልጋችን ላይ እንወራጭ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ንቃቱ ይቀድማል፣ ጡንቻዎቹ ሳይለቀቁ ይዘገያሉ፣ ሕልሙም ገና ከዓይን አልጠፋም። በዓለም ላይ በጣም የተራራቁ ሕዝቦች ይህንኑ ጭነት ያውቁታል። አንዱ ጋኔን፣ ሌላው የሙት መንፈስ፣ ሌላው ጠንቋይ አሮጊት ይለዋል። የደረሰባቸው ነገር አንድ ነው፤ የተለያየው የሰጡት ትርጉም ነው። ሰው የደረሰበትን ማመንና የሰጠውን ትርጉም መቀበል ለእኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአማኝ ወዳጆቼ ጋር የምንጋጨው ብዙውን ጊዜ ይህን ልዩነት ስለማያዩልኝ ነው።

ዱካክ ያስፈራል እንጂ አይገድልም። የሚጥል በሽታ ግን ይገድላል።

ይህ በሽታ በጥንት ግሪኮች ዘንድ «ቅዱሱ በሽታ» ይባል ነበር፤ አማልክት የሚያመጡት ነው ይሉ ነበርና። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት፣ የሕክምና አባት ከሚባለው ከግሪካዊው ሂፖክራተስ ወገን የሆነ ሐኪም ይህን ተቃወመ። ይህ በሽታ ከሌሎቹ የበለጠ ቅድስና የለውም፤ ምክንያቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ መነሻውም አንጎል ነው ሲል ጻፈ። ስለ በሽታው አሠራር የሰጠው ዝርዝር ዛሬ አያስኬድም፤ አንጎል ላይ ማመልከቱ ግን ልክ ነበር። እኔን የገረመኝ ስለ ፈዋሾቹ የጻፈው ነው። ሕመምተኛው ከዳነ ክብሩን ይወስዳሉ፤ ከሞተ ደግሞ በደለኞቹ አማልክት እንጂ እኛ አይደለንም ይላሉ ብሏል። በአጭሩ፣ ፈዋሹ የሚሸነፍበት መንገድ የለም ማለቱ ነው።

ዛሬ በሽታው የአንጎል ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው በአንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲለቁ የሚከሰት መሆኑ የታወቀ ነው። ሐንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ላይ ቀድቶ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ መድኃኒት ከ1912 ጀምሮ በሥራ ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። መድኃኒቱ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት፣ አሁንም «ርኩስ መንፈስ አለበት» ተብሎ የሚታሰር፣ የሚገረፍ፣ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ መኖሩ ያንገበግበኛል።

በቅርብ የማውቃት ልጅ ነበረች። ሕመሙ ሲጀምራት መጀመሪያ ዓይኗ ይፈዝዝ ነበር፤ እየጻፈች ከሆነ እርሳሱ ከጣቶቿ መካከል ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፤ ከንፈሯ እንደሚያኝክ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ትወድቃለች። ሐኪም ያዘዘላትን እንክብል ጠዋትና ማታ ትወስድ ነበር፤ ከጀመረችም በኋላ የሚጥላት በጣም አልፎ አልፎ ሆነ። አንድ ፈዋሽ ለእናቷ «እንክብሉን ይዞ ፈውስ መለመን አለማመን ነው» አላት። እናትየው የምትሳሳላት ልጇ ናት፤ አቆመችው። ሳምንታት አለፉ፤ ልጅቷ አልወደቀችም። በብዙ ሕዝብ ፊት ቆማ ድኛለሁ ስትል እልልታው ቀለጠ። ከዚያ አንድ ሌሊት ያንቀጠቀጣት ነገር አልቆም አለ። ሆስፒታል የደረሰችው ራሷን ሳታውቅ ነው። ነፍሷ ተርፏል፤ ንግግሯ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ፈዋሹ ምን አለ መሰላችሁ? «ቤቱ ውስጥ የሚጠራጠር ሰው አለ።» የግሪኩን ሐኪም ጽሑፍ ሳነብ ያንኑ ቃል ዳግመኛ የሰማሁ መሰለኝ።

እልል ያለው ሕዝብ ስለዚያች ሌሊት አልተነገረውም። የምስክርነት ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ስትመሰክር አልዋሸችም። የሚጥል በሽታ በባሕርዩ በየመሐሉ ረጅም ፋታ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ግን ከበፊቱ የባሰ፣ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ሰው ወደ ፈዋሽ የሚሮጠው ደግሞ ሕመሙ በጠናበት ሰዓት ነው፤ ከጠናበት በኋላ የሚመጣው ጊዜ ባይታከምም እንኳ ብዙውን ጊዜ ሻል ያለ ነው። ስለዚህ የሚመሰክሩት በፋታው ወቅት ነው። የወደቀ ተመልሶ አይመሰክርም፤ የሞተማ ጨርሶ።

ጸሎት በሌላ ሰው ሕመም ላይ ያለውን ውጤት በአግባቡ ለመመርመር የሞከሩ ሰዎች አሉ፤ ጥያቄውን ቁም ነገር አድርገው በመያዛቸው አከብራቸዋለሁ። ከትልልቆቹ አንዱ በሐኪሙ ኸርበርት ቤንሰን መሪነት በአሜሪካ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 1,802 ሕሙማን በሦስት ተመደቡ። ሁለቱ ቡድኖች ሊጸለይላቸውም ላይጸለይላቸውም እንደሚችል ብቻ ተነገራቸው፤ ለአንዱ ተጸለየ፣ ለሌላው አልተጸለየም። ሦስተኛው በእርግጥ እንደሚጸለይለት አወቀ፤ ተጸለየለትም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተጨማሪ የጤና ችግር የገጠማቸው፣ ሳያውቁ ከተጸለየላቸው 52 ከመቶ፣ ካልተጸለየላቸው 51 ከመቶ፣ እንደሚጸለይላቸው ካወቁት ደግሞ 59 ከመቶ ሆኑ። ይህ ፈጣሪ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ አማኞች «አምላክ በላቦራቶሪ አይፈተንም» ቢሉ መልሱ ይገባኛል። ነገር ግን አይፈተንም ካልን፣ ፈተናውን አልፏል ብለን እንክብል ማስጣልም አንችልም።

ወደ መጀመሪያው ጸሐፊ ልመለስ። ከክፋት የሚያግደኝ የሌላው ሰው ሕመም ነው። ሰው ሲያለቅስ አንጀቴ ይላወሳል፤ ለዚህ ትእዛዝ አላስፈለገኝም። የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ኮንፊሺየስ በራስህ ላይ እንዲሆን የማትፈልገውን በሌላው ላይ አታድርግ ሲል፣ ትምህርቱን የመሠረተው ሰው ራሱን በሌላው ቦታ አድርጎ በማሰቡ ላይ ነበር። የአማኙም ሥነ ምግባር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ባሪያ ስለ መግዛት የተጻፈ ሥርዓት አለ፤ ዛሬ የማውቀው አማኝ ሁሉ ግን ባርነትን ይጸየፋል። ከተጻፈው ውስጥ የሚቀበለውንና የሚተወውን የሚለይበት ኅሊና እኔም ያለኝ ኅሊና ነው። ጸሐፊው የሚያውቋቸውን ሰዎች ልብ ብለው ቢያዩ፣ ከሚያምኑትም ከማያምኑትም ደግ እና ክፉ የሚያገኙ ይመስለኛል።

አለማመን በራሱ ሰውን ደግ ያደርጋል አልልም። እ.ኤ.አ. በ1967 የአልባኒያ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኖችንና መስጊዶችን ሁሉ ዘግቶ አገሪቱን አምላክ የለሽ ብሎ አወጀ፤ የሃይማኖት አባቶችን አሰረ፣ ገደለም። በዚያ ዘመን ሰው ልጁን በድብቅ ሲያስጠምቅ፣ በድብቅ ሲሰግድ፣ እኔ የምቆመው ከእርሱ ጎን ነበር። በሌላ ቦታ ደግሞ በናይጄሪያ የሃይማኖት የለሾችን ማኅበር ይመራ የነበረው ሙባረክ ባላ በጻፈው ጽሑፍ ምክንያት በ2020 ታሰረ፤ በ2022 የ24 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ በይግባኝ ተቀንሶለት የተፈታው በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። የ1948ቱ ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18 ሃይማኖትን የመያዝም የመለወጥም ነፃነትን ደንግጓል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴም በ1993 ይኸው ነፃነት የማያምኑትን እንደሚጨምር በግልጽ አስቀምጧል። የአልባኒያው ሰጋጅና የናይጄሪያው ጸሐፊ ለእኔ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ሃይማኖት ለሰዎች የሚሰጠውንም አያለሁ። በሐዘን ቤት የማያምን ሰው የሚለው ያጥረዋል፤ እኔም አጥሮኝ ያውቃል። አማኙ «ትገናኛላችሁ» ይላል፤ እኔ አጠገብ ተቀምጬ ዝም እላለሁ። ጸሎት ሲደርስ እንደሌላው ቆሜ አንገቴን እደፋለሁ፤ ይህን ማስመሰል የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ለሐዘንተኛው የማደርገው ነው እንጂ ለማስመሰል አይደለም። ሰው በእምነቱ ሲጽናና «ማስረጃህን አምጣ» ብዬ አልሞግተውም። ጥያቄዬ የሚጀምረው እምነቱ የሌላውን አካል ሲነካ፣ ለራሱ መወሰን የማይችል ልጅ መድኃኒት ሲነጠቅ፣ ወይም ጎረቤቷ ስለታመመ ብቻ አንዲት አሮጊት ጠንቋይ ተብላ ስትደበደብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በጠንቋይነት ውንጀላ ሳቢያ የሚፈጸሙ ጥቃቶችን የሚያወግዝ ውሳኔ ማሳለፍ ያስፈለገው ይህ ነገር ተረት ሆኖ ስላልቀረ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቅዎ ምስክርነቶችን አታትሙ ብዬ አይደለም። አትሙ፤ ግን ማንኛውም ዜና የሚጠየቀውን ጠይቁ። በሽታው መኖሩን መርምሮ ያረጋገጠው ማን ነው? ሰውየው ምን መድኃኒት ሲወስድ ነበር? ዓመት ካለፈ በኋላስ ተመልሶ የጠየቀው አለ? የዚያን ወጣት ጽሑፍ ያነበቡ፣ ልጆቻቸው እንክብል የሚወስዱ ወላጆች አሉና፣ በሚቀጥለው እትም በዚያው ገጽ ላይ የሚከተለው እንዲወጣልኝ እለምናለሁ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አይቋረጥም። የጣለውን ሰው አትያዙት፣ አትሰሩት፤ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ ወደ ጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውኃም አታስገቡ። ሰዓት ያዙ፤ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ እንደገና ከጣለው ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የሚጸልይም ካለ በመንገድ ላይ ይጸልይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ