ቅዳሜ የካማሮውን ሞተር እናወርዳለን

ሰላም ለሁላችሁም፣

የፊታችን ቅዳሜ የ1969ኙን የሸቭሮሌት ካማሮ መኪና አሮጌ ሞተር እናወርዳለን። በካምቢዮው ላይም መወሰን አለብን። የምንገናኘው ሲልቨር ስፕሪንግ በተለመደው ጋራዥ ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት።

የሚገባው ሞተር ኤልኤስ3 ነው፤ 6.2 ሊትር፣ 430 የፈረስ ጉልበት። ለካምቢዮ የቀረቡት ሁለት ናቸው፦ ባለ 5 ማርሹ ትሬሜክ ቲኬኤክስ እና ባለ 6 ማርሹ ቲ56 ማግነም። ማግነም ግዙፍ ስለሆነ የመኪናውን ወለል መቁረጥ ይጠይቃል። ቲኬኤክስ ግን ለአሮጌ መኪኖች ጠባብ ቦታ ታስቦ የተሠራ ነው። እኔ ቲኬኤክስን እደግፋለሁ። ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ወለል ያለ በቂ ምክንያት ሲቆረጥ ማየት አልፈልግም።

የቤንዚን ፓምፑን ነገር አደራ። የድሮው ፓምፕ የሚሰጠው ለካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር ለሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ) የሚበቃ ጥቂት ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ብቻ ነው። ኤልኤስ3 ግን ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ ኢንጀክሽን ስለሆነ 58 ፒኤስአይ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ፓምፑ ውስጡ የተገጠመለት አዲስ የነዳጅ ታንክ እንግዛ እላለሁ። ሞተሩ ከገባ በኋላ ወደዚህ ከተመለስን ሥራው እጥፍ ይሆናል።

የሥራ ልብስና ጓንት ይዛችሁ ኑ። ብሎኖቹን ለይተን ስም የምንጽፍባቸው ትናንሽ ከረጢቶችና ማርከርም ያስፈልጋሉ። የሞተር ማንሻ ክሬን ያለው ሰው ዛሬውኑ ያሳውቀኝ፤ ካልተገኘ መከራየት አለብን።

መምጣት አለመምጣታችሁንና የካምቢዮ ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። ዓርብ ዕቃውን አዛለሁ።