በራሱ ፊርማ የተመዘገበ ሠልጣኝ የአባት ፊርማ ስለተጠየቀበት ሁኔታ የቀረበ ቅሬታ

ለማሽከርከር ማሠልጠኛ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣

የወንድሜ ልጅ እናንተ ዘንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ በመዝገባችሁ ስላለ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ማክሰኞ ዕለት በስልክ የሰጡኝ ቃል ቅዳሜ በራስዎ ቢሮ መታጠፉ ነው።

ማክሰኞ እርስዎ ራስዎ «የጋብቻ ሰርተፊኬቱን ቅጂ ይዞ ይምጣ፤ ቅዳሜ የቀረውን ሁለት ሰዓት ነድቶ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬቱን በዕለቱ ይወስዳል» ብለውኛል። የሚጎድል ወረቀት እንዳለ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ «የለም» የሚል መልስ ሰጥተውኛል። ቅዳሜ ልጁ፣ ባለቤቱና እኔ ከቀጠሮው ሩብ ሰዓት ቀድመን ደረስን፤ አሠልጣኙም የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ግን የጋብቻ ሰርተፊኬቱን ሳታነብ መልሳ ገፋችውና «አገባ አላገባ ልጅ ልጅ ነው፤ አባቱን ይዛችሁ ኑ» አለች። ከእርስዎ ጋር መነጋገሬን በትሕትና ስገልጽላት፣ በዕድሜ እናቷ ልሆን የምችለውን ሴት «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ብላ መለሰችልኝ። ይህ ሁሉ የሆነው ተራ በሚጠብቁ ሠልጣኞችና በባለቤቱ ፊት ሲሆን፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እርስዎን ለማግኘት ያን ዕለት ሦስት ጊዜ ብደውልም ስልኩን ያነሳ የለም።

በካሊፎርኒያ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 7002 መሠረት ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ከወላጅ ሥልጣን ነፃ ይወጣል፤ ጋብቻው በኋላ ቢፈርስ እንኳ ይህ አይለወጥም። አንቀጽ 7050 ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ውል ለመዋዋል እንደ አዋቂ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ልጁ በ17 ዓመቱ ማግባቱን እኔም አልወደድኩትም ነበር፤ ነገር ግን ዳኛ የፈቀደውን ጋብቻ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ልትሽረው አትችልም። ወላጅ በመንጃ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ የሚፈርመው ልጁ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊነት ለመውሰድ ነው። ከወላጅ ሥልጣን ነፃ የወጣ አመልካች ግን በወላጅ ፊርማ ፈንታ የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ማቅረብ ይችላል፤ እርሱም ይህንኑ አቅርቦ የክፍለ ግዛቱ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) የመለማመጃ ፈቃዱን በራሱ ፊርማ ሰጥቶታል። ጋብቻው ከሥልጠና ነፃ ያደርገዋል አላልንም። ስድስቱን ሰዓት መንዳት እንዳለበት ያውቃል፤ የመጣውም ሊነዳ ነው።

እጅግ ያሳዘነኝ ደግሞ ይኸው ድርጅት የሥልጠና ውሉን በልጁ ፊርማ ብቻ ተዋውሎ ክፍያውንም ከራሱ እጅ ተቀብሎ አራት ሰዓት ካስተማረው በኋላ የአባት ፊርማ መጠየቁ ነው። ፊርማው ገንዘብ ለመቀበል በቂ ከነበረ ለማስተማርም በቂ ነው።

ከዚህ ቀደም በዝምታ ያለፍናቸው ነገሮችም አሉ። በሁለተኛው ትምህርት አሠልጣኙ 40 ደቂቃ አርፍዶ መጥቶ ሳለ ሙሉ ሁለት ሰዓት ተመዝግቧል፤ የእናንተ መኪና ተበላሽቶ በተሰረዘው ቀጠሮም ልጁ የስረዛ ቅጣት ከፍሏል።

መጀመሪያ ልጠይቅ ያሰብኩት ለእርሱና ለባለቤቱ በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠየቅ ብቻ ነበር። አሁን ግን የቀረው ሁለት ሰዓትና የጎደለው 40 ደቂቃ በዚህ ሳምንት እንዲሰጠው፣ ሰርተፊኬቱ በዚያው ዕለት እንዲፈረምለት፣ የስረዛ ቅጣቱም እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ይህ በሰባት ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ የከፈለው ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስለት እንፈልጋለን፤ ለድርጅታችሁ የሥራ ፈቃድ ለሰጠው ለዲኤምቪም የማክሰኞውን ጥሪ ሰዓትና የውሉን ቅጂ አያይዤ አመለክታለሁ። እርሱም ለአነስተኛ የገንዘብ ክርክሮች ፍርድ ቤት ክስ ለማቅረብ ቅጹን ሞልቶ አዘጋጅቷል፤ የፈረመውም ራሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሠልጣኙ አክስት